ወለድ አገድ በበቆጂ ደጋ

ዛሬ የከተማ ሰው ቤት ሠርቶ ወይም ገዝቶ ለባንክ ወር በወር የሚከፍለው ብድር «ሞርጌጅ» ሲባል እንሰማለን። ቃሉ ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን፣ ትርጓሜውም «የሞተ መያዣ» ማለት ነው። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ አገር የተጻፈውና በግላንቪል ስም የሚታወቀው የሕግ መጽሐፍ እንደሚያስረዳው፣ በዚያ ዘመን የመሬት መያዣ በሁለት ይከፈል ነበር። በአንደኛው የመሬቱ ፍሬ ለዕዳው መቀነሻ ይታሰባል። በሁለተኛው ግን ፍሬው ለአበዳሪው ገብቶ ዋናው ዕዳ ሳይነካ ይቆያል። የሞተ መያዣ የተባለው ይኸው ሁለተኛው ነው፤ የአገራችንም ሰው ለዚህ ዓይነቱ ውል ወለድ አገድ የሚል ስም ሰጥቶት ኖሯል።

በወለድ አገድ ባለርስቱ ገንዘቡን ይወስዳል፣ አበዳሪው መሬቱን ይይዛል። አበዳሪው ወለድ ክፈለኝ አይልም፤ አርሶ ወይም አሳርሶ የሚበላው እህል ወለዱ ነውና። ነገሩ ለመስማት የዋህ ይመስላል፤ ሒሳቡን ስንመረምረው ግን ሌላ ነው። አንድ ባለርስት 300 ብር ተበድሮ ያስያዘው መሬት፣ ዘሩና ድካሙ ተቀንሶ፣ በዓመት የ90 ብር እህል ይሰጣል እንበል። በአራት ዓመት ውስጥ አበዳሪው የ360 ብር እህል ሰብስቧል፤ የባለርስቱ ዕዳ ግን ያው 300 ብር ነው። ይህ ሰው በአራተኛው ዓመት የከፈለውን ገንዘብ በሁለተኛው ዓመት አግኝቶ ቢከፍል ኖሮ የ180 ብር እህል ለልጆቹ ይተርፍ ነበር። እንግዲህ ዕዳን አስቀድሞ መክፈል ለባለርስቱ የምግባር ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ቤቱ የሚበላው እህል ጉዳይ ነበር።

ይህንን በአርሲ ደጋ፣ ከአሰላ በስተደቡብ በምትገኘው በበቆጂ አካባቢ ለማየት እንሞክር። ይሁን እንጂ በቅድሚያ ማን የሚያስይዘው መሬት እንደነበረው መናገር ይገባናል። በ1870ዎቹ ማለቂያ አርሲ በዳግማዊ ምኒልክ ጦር ከተያዘ በኋላ ብዙው መሬት ለጦር አለቆች፣ ለወታደሮችና ለባላባቶች ተደልድሎ፣ ብዙው የአርሲ ኦሮሞ ገበሬ በአባቶቹ መሬት ላይ ገባር፣ በኋላም ጭሰኛ ሆነ። በ1950ዎቹ መጨረሻ በጭላሎ አውራጃ ከሚያርሰው ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ጭሰኛ ነበር። ጭሰኛ ርስት ስለሌለው ወለድ አገድ አይገባም፤ የሚያስይዘው ገና ያልታጨደ አዝመራውን ነው፤ ያም ዕዳ ከወለድ አገድ የከፋ እንጂ የተሻለ አልነበረም። ስለ ወለድ አገድ ስንናገር የምንናገረው እንግዲህ ስለ ትንሹ ባለርስት ነው።

በቆጂ ወደ 2,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለች የገብስና የስንዴ አገር ናት። አዝመራው የሚሰበሰበው ከኅዳር ወዲህ ስለሆነ፣ ገበሬው ዳጎስ ያለ ገንዘብ የሚያየው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ሁሉም ስለሚሸጥ የገብስ ዋጋ ይወድቃል። በሐምሌና በነሐሴ ጎተራ ሲራቆት ዋጋው ይወጣል። አባወራው በጥር ወር የሚያወጣው ሒሳብ ይህ ነው፦ ገብሱን ዛሬ በርካሽ ሸጦ መሬቱን ያስለቅቅ ወይስ ዋጋ እስኪወጣ ይጠብቅ? ቢጠብቅ አበዳሪው መሬቱን አርሶ ይዘራዋል፤ ዘር ከወደቀበት በኋላ ገንዘብ ይዞ ቢመጣ ደግሞ እስከ አጨዳ ቆይ ይባላል። ቢሸጥ ቤተ ሰቡ በክረምት እህል ገዢ ይሆናል፤ ምናልባትም በነሐሴ ለቀለብ የሚበደረው ከዚያው ካበዳሪው ነው። ገንዘቡ ተሟልቶ ካልተከፈለም መሬቱ አይለቀቅም ነበርና፣ ግማሹን ዕዳ ያጠራቀመ ሰው ምንም እንዳላጠራቀመ ይቆጠር ነበር።

በዚህ መካከል የመንግሥት ግብር አለ። መሬት ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ ተከፍሎ ግብሩ በብር ከተወሰነ ወዲህ፣ ጎተራው ሙሉ የሆነ ሰው እንኳ ጥሬ ገንዘብ ያስፈልገዋል። ሰርግ፣ ተዝካርና ሕመም ደግሞ ቀን ጠብቀው አይመጡም። የደጋው ቤተ ሰብ ለዚህ ሁሉ መከላከያው በጎቹ ነበሩ፤ በግ ዋጋዋ እንደ ገብስ በአንድ ወር ውስጥ አይወድቅምና። የሴቲቱ የቅቤ ሽያጭም አለ፤ ስለ ርስት የተጻፉ መጻሕፍት ይህንን ከቁጥር አያስገቡትም፤ እኛ ግን ጨውና ልብስ ከዚያ እየተገዛ ገብሱ ሳይነካ ባይቆይ ኖሮ ስንቱ ርስት ሳይለቀቅ በቀረ ነበር እንላለን።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወለድ አገድን በስሙ ጠርቶ ቦታ ሰጥቶታል። ይኸው ሕግ የገንዘብ ብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል። ከላይ በገመትነው ብድር ይህ 36 ብር ይሆናል፤ የመሬቱ ፍሬ ግን 90 ብር ነው። በወረቀትና በማሳ መካከል የነበረው ርቀት ይህን ያህል ነበር።

በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት ርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ፣ ሥራ ሲጀምር ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር መስጠት ጀመረ። ተበዳሪዎቹ በመጀመሪያው ዓመት 200 እንኳ አይሞሉም ነበር፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ከ10,000 በላይ ሆኑ። ዕዳውም በአብዛኛው በጊዜው ይከፈል ነበር። ገበሬ ብድር አይመልስም ይሉ ለነበሩት ይህ በቂ መልስ ይመስለናል። ነገር ግን ጭሰኛው ለመበደር የባለርስቱን ፊርማ ማግኘት ነበረበት፤ ምርቱ ሲያድግም አንዳንዱ ባለርስት ትራክተር አምጥቶ ጭሰኛውን አስወጣ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነገሩን ከሥሩ ለወጠው። መሬትን በሽያጭ፣ በመያዣ፣ በወለድ አገድ ወይም በኪራይ ማስተላለፍ ተከለከለ፤ ጭሰኛውም ለባለርስቱ ከነበረበት ዕዳ ነጻ ወጣ። በከተማ ቤት ለሚሠራው ያበድሩ የነበሩት ሁለቱ ድርጅቶችም ተጣምረው የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ሆኑ። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ በሕግ የታወቀው የቤት መያዣ በከተማ ብቻ ቀረ፤ በገጠር ግን ገንዘብ የቸገረው ሰው መሬቱን ለጎረቤቱ ለጥቂት ዓመታት መልቀቁ በዝምታም ቢሆን አልጠፋም።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1324 ግን ገበሬው የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያስይዝ ፈቅዷል። የበቆጂ ገበሬ ከእንግዲህ ከባንክ ጋራ ሲዋዋል የሚፈርመው ወረቀት አዲስ ነው። ገብሱ ግን ዛሬም የሚታጨደው ከኅዳር ወዲህ ነው፤ በጥርም ዋጋው ይወድቃል።