ጌታቸው መኩሪያ እና ቃል አልባው ሽለላ

ሽለላ በተለምዶ የቃል ጥበብ ነው። በጎንደርና በአካባቢዋ፣ አዘዞንም ጨምሮ፣ በሠርግም ሆነ በሌላ ድግስ ላይ የሚሸልል ሰው ሲነሳ አድማጩ ጆሮውን የሚሰጠው በመጀመሪያ ለግጥሙ ነው። ሸላዩ ዘሩን ይጠራል፣ ጀግናን ያወድሳል፣ ፈሪን ይነቅፋል። ለመሆኑ ግጥሙ ቢወጣ ከሽለላው ምን ይቀራል? ለዚህ ጥያቄ በተግባር መልስ ከሰጡት ቀደምት ሙዚቀኞች አንዱ ሳክስፎን ተጫዋቹ አርቲስት ጌታቸው መኩሪያ ናቸው።

ጌታቸው የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። ክራርና ማሲንቆ ከተለማመዱ በኋላ ወደ ክላርኔትና ሳክስፎን ተሸጋገሩ። እ.ኤ.አ. በ1949 በአዲስ አበባ የማዘጋጃ ቤት ባንድ ሥራ ጀመሩ፤ በ1955 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር (በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር)፣ በ1965 ደግሞ በፖሊስ ኦርኬስትራ ተቀጠሩ። ስማቸውን የተከሉት ግን ሽለላን ያለ ቃል በሳክስፎን በመጫወታቸው ነው። የሸላዩን የድምፅ መንቀጥቀጥ፣ ጩኸትና እረፍት በትንፋሽ ያወጡታል። መድረክ ላይም ብዙ ጊዜ የጦረኛ ልብስና የአንበሳ ጎፈር ለብሰው ይታዩ ነበር። የውጭ አገር አድማጮች አጨዋወታቸውን ከአሜሪካው ፍሪ ጃዝ ጋር ቢያመሳስሉትም፣ ምንጩ ግን የአገር ቤቱ ፉከራና ሽለላ ነው።

በ1960ዎቹ ዓ.ም. በፊሊፕስ የታተመው ሙሉ የሳክስፎን አልበማቸው እ.ኤ.አ. በ2003 የፍራንሲስ ፋልሴቶ የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 14ኛ ቁጥር ሆኖ እንደገና ወጣ።

ቀጣዩ ምዕራፍ የተከፈተው «ዘ ኤክስ» ከተባለው የኔዘርላንድስ ባንድ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የተመሠረተው ይህ የፐንክ ባንድ በ2002 ኢትዮጵያን ጎብኝቶ ነበር። በ2004 ባንዱ 25ኛ ዓመቱን በአምስተርዳም ሲያከብር ጌታቸውን ጋበዘ። በመቀጠልም በ2006 «ሞአ አንበሳ» የተሰኘው የጋራ አልበም ወጣ። በአልበሙ የቴሪ ሄሰልስና የአንዲ ሙር ሸካራ ኤሌክትሪክ ጊታሮች፣ የካተሪና ቦርነፌልድ ከበሮና የእንግዶች የትንፋሽ መሣሪያዎች ከጌታቸው ሳክስፎን ሥር ይሰማሉ። አልፎ አልፎ የሰው ድምፅ ቢገባበትም፣ ዋናው ተናጋሪ ሳክስፎኑ ነው። የዋሊያስ ባንድ ሥራ የሆነው «ሙዚቃዊ ስልት»ም በአልበሙ ተካቷል።

ዓመታቱን ልብ ይሏል። በዚያው ወቅት አሜሪካ ውስጥ እንደ ቺካጎው «ፔሊካን» ያሉ ባንዶች ያለ ዘፋኝ፣ ረዣዥም በሆኑና ቀስ በቀስ በሚከብዱ የጊታር ድምፆች የተገነባ «ፖስት ሜታል» የተባለ ስልት ያደራጁ ነበር። «ዘ ኤክስ» ከዚህ ወገን አይደለም፤ ሆኖም ሁለቱም አድማጩን የሚይዙት በግጥም ሳይሆን በድግግሞሽ፣ በድምፅ ክብደትና በውጥረት ነው። ሽለላም እንዲሁ እየተደጋገመ ስሜትን የሚያጋግል በመሆኑ ከከባድ ጊታር ጋር መግጠሙ አያስገርምም። በእኛ አገርም ሮክ እንግዳ አይደለም። በቢል ላስዌል ፕሮዲዩሰርነት እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ»ን ያወጣው ጃኖ ባንድ ምስክር ነው፤ ጃኖ ግን የዘፋኞች ባንድ ነው።

ጌታቸውና «ዘ ኤክስ» በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ መድረኮች ከተጫወቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2012 ሁለተኛውን የጋራ አልበማቸውን «የአንበሳው ትዝታ»ን አወጡ። ጌታቸው መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. በ81 ዓመታቸው አረፉ።

የእኚህ ሰው ሥራ ለዛሬ ሙዚቀኛ የሚያነሳው ጉዳይ ቀላል አይደለም። በሰምና ወርቅ ያደገ አድማጭ ያለ ግጥም የተሠራን ዜማ ብዙ ጊዜ እንደ ጣልቃ ማዳመጫ፣ ለፕሮግራም ማሸጋገሪያ ብቻ አድርጎ ያየዋል። በዚህ የተነሳ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ አልበም ገበያው ይጠብባል፤ ብዙ ተጫዋችም ዕድሜውን ሙሉ ዘፋኝ አጅቦ ይኖራል። ጌታቸው ሙሉ እውቅና ያገኙት በ70ዎቹ ዕድሜያቸው፣ ያውም አብዛኛውን ከባሕር ማዶ መሆኑ ይህንኑ ያሳያል። ሽለላውን ያለ ቃል የሚሰማ ጆሮ አገር ውስጥ ካልተገኘ፣ ተከታዩም ተጫዋች አጨብጫቢውን ፍለጋ ወደ ውጭ ማየቱ አይቀርም።