ብክለትን በዕፅዋት ማስወገድ፦ ከአቃቂ ወንዝ እስከ ተከዜ ተፋሰስ

ብክለትን በዕፅዋት ማስወገድ ማለት በአፈርና በውሃ ውስጥ የተጠራቀሙ ጎጂ ንጥረ ነገሮችን ዕፅዋት በሥራቸው ስበው እንዲይዙ፣ ወይም በሥራቸው ዙሪያ በሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን አማካይነት እንዲበሰብሱ የማድረግ ዘዴ ነው። ወጪው አነስተኛ ቢሆንም ጊዜ ይጠይቃል፤ የተበከለ መሬት በአንድ ክረምት አይጸዳም። እንደ ክሮሚየምና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች ደግሞ ከአፈሩ ወደ ተክሉ ይዛወራሉ እንጂ አይጠፉም።

ይህ የዕፅዋት ባሕርይ አደጋም አለው። የአዲስ አበባ ፋብሪካዎችና መኖሪያ ቤቶች ፍሳሽ በሚገባበት አቃቂ ወንዝ ዳር ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ ይለማሉ። በከተማዋ በሚመረቱ ቅጠላ ቅጠሎች ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ የሆነ ጥናት ከባድ ብረቶች በአትክልቶቹ ውስጥ እንደሚገኙ አሳይቷል። አፈሩን የሚያጸዳው ተክል ለገበያ ከቀረበ ብክለቱ ወደ ገበታ ይሸጋገራል። ስለሆነም ለማጽጃነት የሚተከለው ለምግብም ሆነ ለከብት መኖ የማይውል፣ ከታጨደም በኋላ በጥንቃቄ የሚወገድ መሆን አለበት።

በሞጆ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽን ዕፅዋት በተተከሉበት ሰው ሠራሽ ረግረግ ውስጥ በማሳለፍ የማጣራት ሙከራ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተካሂዷል። ይሁንና ዘዴው የፋብሪካውን ኃላፊነት አይተካም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ግዴታውን የጣለው በበካዩ ላይ ነው።

የተክል ምርጫም ሊታሰብበት ይገባል። እምቦጭ ከባድ ብረቶችን የመሳብ ችሎታ ቢኖረውም በ2004 ዓ.ም. ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ያስከተለው ጉዳት የሚታወቅ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ወደ ጅማ ምርምር ማዕከል የገባው ቬቲቨር ሣር ግን የሚባዛው በግንጣይ በመሆኑ አረም አይሆንም። ሥሩ ሦስት ሜትር ያህል ወደ ታች ይዘልቃል፤ ከሚስበው ብረትም አብዛኛውን በሥሩ ያስቀራል።

በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ፃግብጂ ወረዳ ሁኔታው የተለየ ነው። በዚያ ውሃውን የሚያደፈርሰው የፋብሪካ ፍሳሽ ሳይሆን ጎርፍ ከተራቆተው ተዳፋት ጠርጎ የሚያወርደው አፈር ነው። አፈሩ ከማሳው ሲታጠብ አርሶ አደሩ ምርት ያጣል፤ ደለሉም በኅዳር 2002 ዓ.ም. የተመረቀውንና 188 ሜትር ከፍታ ያለውን የተከዜ ግድብ ዕድሜ ያሳጥራል። በእርከን ላይ በኮንቱር መስመር ተጠጋግቶ የተተከለ ቬቲቨር ጎርፉን አዝግሞ ደለሉን ያስቀራል፤ ዝናብ አጠር በሆነው አካባቢ ግን ክረምቱ እንደገባ ካልተተከለና በመጀመሪያው ዓመት ከልቅ ግጦሽ ካልተጠበቀ አይጸድቅም።

በቤት ውስጥ ደግሞ ሽፈራው ያገለግላል። የተፈጨው ፍሬው የውሃውን ጭቃ አያይዞ ወደ ታች ያዘቅጠዋል፤ የጠለለው ውሃ ግን ከበሽታ አምጪ ተሕዋስያን ሙሉ በሙሉ የጸዳ ስላልሆነ ከመጠጣቱ በፊት ሊፈላ ይገባል።