የቆቦ ሜዳና የወባ ዘመቻ

ከወልድያ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ጎብየንና ሮቢትን አልፎ ቆቦ እስኪገባ የሚያቋርጠው ሰፊ ሜዳ ነው። በስተምዕራብ የደጋው ገደል፣ በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ ያጥረዋል። የሜዳው ገበሬ ከደጋ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሽላውና ወደ ጤፉ ማሳ ይመራል። ዝናብ ባጠረ ዓመት ሰብሉን የሚያድንለት ይህ ከአባቶቹ የወረሰው ጥበብ ነው።

ውኃው ግን መዘዝም ያመጣል። ክረምቱ ሲወጣ በየወንዙ ዳርና በየጉድጓዱ የሚቀረው ኩሬ የወባ ትንኝ መፈልፈያ ይሆናል። ንዳዱ የሚበረታው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ማሽላው በሚጠበቅበትና አዝመራው በሚሰበሰብበት ወቅት ነው። ጉልበት በሚፈለግበት ሰዓት የቤቱ ሰው አልጋ ላይ ይውላል፤ ያልታጨደው እህል ማሳ ላይ ይረግፋል። ደገኛው ቆላ ወርዶ ማደርን አጥብቆ ይፈራ የነበረውም ስለዚህ ነው።

ኢትዮጵያ ወባን በዕቅድ መከላከል ስትጀምር ለሙከራ ከመረጠቻቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ይኸው ሜዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) ከአዋሽ ሸለቆና ከደምቢያ ሜዳ ጋር የቆቦና የጨርጨር ቆላም የወባ መቆጣጠሪያ ሙከራ ተካሄደበት። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከተቋቋመ ገና ጥቂት ዓመታት ነበሩ፤ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት በገንዘብና በባለሙያ ይረዱት ነበር። በዚያው ዘመን፣ በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጥበቃ ሠራተኞችን አሠልጥኖ በቡድን ወደ ገጠር ይልክ ነበር።

የአገሪቱን ሐሳብ ያጠነከረው ግን በ1958 የደረሰው እልቂት ነው። በዚያ ዓመት ወባ ከቆላ አልፎ ብዙም ወደማያውቀው ደጋ ወጣ። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፤ 150,000 ያህል ሞተ። በሽታውን ለምዶ ያላደገው የደጋ ሕዝብ ሰውነት የሚቋቋምበት አቅም አልነበረውም። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1959፣ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ።

ሥራው እንደ ጦር ዘመቻ የተደራጀ ነበር። ናዝሬት ላይ ማሠልጠኛ ተከፈተ፤ መንደሮች ካርታ ላይ ሰፈሩ፤ ቤቶች ተቆጠሩ። ረጪዎች ዲዲቲ የተሞላ መርጫ በጀርባቸው አዝለው ከቤት ቤት ይዞሩ ነበር። ትንኟ ደም ከጠጣች በኋላ ግድግዳ ላይ ታርፋለች፤ መድኃኒቱም እዚያው ይጠብቃታል። ዘዴው ቀላል ይምሰል እንጂ ከኑሮ ጋር ይጋጭ ነበር። ለበዓል ቤቱን በጭቃና በእበት የለቀለቀ ቤተሰብ መድኃኒቱን ሳያውቅ ይሸፍነዋል። ማሽላ ለመጠበቅ ማማ ላይ የሚያድረውን ገበሬ ደግሞ የተረጨ ግድግዳ አያድነውም።

ወባን ጨርሶ የማጥፋቱ ተስፋ አልተሳካም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1969 ማጥፋት በሁሉም አገር በአንድ ጊዜ የሚደረስበት እንዳልሆነ ተቀበለ፤ ኢትዮጵያም በ1970ዎቹ ከማጥፋት ወደ መቆጣጠር ዞረች። ከ1984ቱ ረሃብ በኋላ ደግሞ የወሎ ደገኞች እንደ ጋምቤላና መተከል ወዳሉ ቆላማ ቦታዎች ሲሰፍሩ ወባ ብዙዎቹን ፈጀ። ሰውን ወደ ቆላ ያወረደው ዕቅድ ጤናውን ለመጠበቅ በቂ ዝግጅት አላደረገም ነበር።

በ2003 ወባ እንደገና በወረርሽኝ ተነሣ። መልሱ ግን ከቀድሞው የተለየ ሆነ። በዚያው ዓመት የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት ባለሙያዎችን መደበ፤ ቁጥራቸውም በኋላ ከ30,000 በለጠ። ቀድሞ በዓመት አንዴ ይመጣ የነበረው ረጪ የማያውቃቸውን እነርሱ ያውቃሉ፤ የትኛዋ እናት እርጉዝ እንደሆነች፣ የማን ልጅ እንዳተኮሰው። ፋንሲዳር የተባለው መድኃኒት መሥራት ሲያቅተው ኮአርተም ተተካ፤ አጎበር በሚሊዮኖች ተሠራጨ፤ ፈጣን መመርመሪያ ጤና ኬላ ገባ። በአማራ ክልል ከ2008 ጀምሮ በካርተር ማዕከል ድጋፍ ለወባና ለትራኮማ አንድ ላይ የሚካሄድ የዘመቻ ሳምንት ተጀመረ። ሕመሙና ሞቱም ለዓመታት ቀነሰ።

ያ ድል ግን ብዙ ጥበቃ ይፈልግ ነበር። በ2021ና በ2022 የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ቆቦንና አካባቢውን ሲያዳርስ በሰሜን ወሎ ጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ ተጎዱም። በ2024 ደግሞ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ብቻ በመላው አገሪቱ ከሰባት ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዘገቡ፤ ከ1,100 በላይ ሰዎችም ሞቱ።

የሰባ ዓመቱ ታሪክ የሚያሳየው የዲዲቲም የኮአርተምም የጤና ኤክስቴንሽንም ሥልት በየዘመኑ ወባን እንደቀነሰ ነው። ወባ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው ሥራው ሲቋረጥ ነው። ስለዚህ ርጭቱ ትንኟ ከመብዛቷ በፊት ይድረስ፤ የፈረሰው ጤና ኬላ መድኃኒትና ባለሙያ ይሟላለት። የተረጨ ግድግዳ የመድኃኒቱ ጊዜ ሳያልፍ አይለቅለቅ፤ ማሽላ ጠባቂው አጎበሩን ይዞ ወደ ማማው ይውጣ። ትኩሳት የያዘው ሕፃንም በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ኬላ ይድረስ።