የኒው ዮርክ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ፦ ዝናው፣ ውድቀቱና ከዚያ ወዲህ ያለው

ከ1930ዎቹ አጋማሽ እስከ 1951 ድረስ የአሜሪካ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ እምብርት ኒው ዮርክ ነበረች (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ታላላቆቹ ጨዋታዎች የሚደረጉት እዚያ ነበር፤ ስሙን ማስጠራት የፈለገ የሩቅ ግዛት ቡድን በባቡር ተሳፍሮ ወደዚያው ይመጣል፤ የከተማዋ ኮሌጆች በሚጫወቱበት ምሽት የማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አዳራሽ ጢም ብሎ ይሞላል። ከእነዚያ ኮሌጆች አብዛኞቹ ዛሬ በስፖርቱ ዓለም ስማቸው አይነሳም። ከተማዋ ግን ቅርጫት ኳስን አልተወችም። በየሰፈሩ የአስፋልት ሜዳ ላይ ልጆች እስከ ምሽት ይጫወታሉ፣ የሙያ ክለቧም ደጋፊ አጥቶ አያውቅም። የተቋረጠው የከተማዋ ሕዝብ ከገዛ ኮሌጆቹ ጋር የነበረው ትስስር ነው።

ይህ ትስስር የተወለደው በድሃ ሰፈሮች ውስጥ ነው። ጄምስ ኔይስሚዝ በ1891 መጨረሻ በማሳቹሴትስ ስፕሪንግፊልድ የፈጠረው ጨዋታ ሰፊ መስክም ሆነ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። አንድ ኳስ፣ ሁለት ቅርጫትና ጠባብ አዳራሽ ይበቃዋል። ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አይሁድ፣ ጣሊያኖችና አየርላንዳውያን ተጨናንቀው በሚኖሩባቸው የማንሃታን ደቡብ ምሥራቅ ሰፈሮች ለስደተኛ ልጆች የተቋቋሙ ማኅበራዊ ማዕከላት ነበሩ፤ ጨዋታው በእነሱ በኩል በፍጥነት ተስፋፋ። ከእነዚህ ልጆች ትምህርቱን የገፋው ብዙውን ጊዜ መድረሻው ሃርለም የሚገኘው ሲቲ ኮሌጅ ነበር። በ1847 የተመሠረተው ይህ የሕዝብ ኮሌጅ ያኔ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም ነበር፤ የሚጠይቀው ከፍተኛ ውጤት ብቻ ነበር። ሀብታሞቹ ዩኒቨርሲቲዎች የአይሁድ ተማሪዎችን ቁጥር በኮታ በሚገድቡበት ዘመን ለሠራተኛው ቤተሰብ ልጅ የተከፈተ በር እሱ ነበር።

የሲቲ ኮሌጅን ቡድን ከ1919 ጀምሮ ያሰለጠነው ናት ሆልማን ራሱ የማንሃታን ደቡብ ምሥራቅ ሰፈር ልጅ ነበር። በዘመኑ ስመ ጥር በነበረው የኦሪጅናል ሴልቲክስ ክለብ ተጫውቷል። ያስተማረው አጨዋወት የኒው ዮርክ መለያ ሆነ፤ ኳስን በፍጥነት መቀባበል፣ ያለ ኳስ መሮጥ፣ ተከላካይን አታሎ ወደ ቅርጫቱ መግባት። ረጃጅም ተጫዋች ለሌለው ቡድን የሚያዋጣው ይህ ነበር። የሴንት ጆንስ ኮሌጅም ያኔ ብሩክሊን ውስጥ ሆኖ ከ1927 እስከ 1931 በአምስት ድንቅ ተጫዋቾች አገር ያስደነቀ ቡድን አቆመ። ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ፣ ሎንግ አይላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ፎርድሃም እና ማንሃታን ኮሌጅ እርስ በርስ ሲገናኙ ተጫዋቾቹ ከአንድ ጎዳና የወጡ አብሮ አደጎች ነበሩ። ተመልካቹም የጎረቤቱን ልጅ ሊያይ ይሄድ ነበር።

ችግሩ የቦታ ጥበት ነበር። የኮሌጆቹ አዳራሾች ትንንሽ ስለነበሩ ቲኬት ያጣው ሰው ከገባው ይበልጥ ነበር። በጥር 1931 የከተማዋ ከንቲባ ጂሚ ዎከር ለሥራ አጦች ገንዘብ ለማሰባሰብ በአንድ ምሽት ሦስት የኮሌጅ ጨዋታዎች በጋርደን እንዲካሄዱ አደረገ፤ አዳራሹም ሞላ። ይህን ልብ ያለው ኔድ አይሪሽ የሚባል ወጣት የስፖርት ጋዜጠኛ ነበር። አይሪሽ አዳራሹን እየተከራየ በአንድ ቲኬት ሁለት ጨዋታ ማሳየት ጀመረ። በታኅሣሥ 29 ቀን 1934 በተደረገው የመጀመሪያው ምሽት ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ኖተር ዳምን 25 ለ18 ሲያሸንፍ፣ ሴንት ጆንስ በፔንሲልቬኒያው ዌስትሚኒስተር ኮሌጅ 37 ለ33 ተረታ። የተመልካቹ ቁጥር ከ16,000 በላይ ነበር። ዘመኑ የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ነበርና በጥቂት ገንዘብ ሁለት ጨዋታ የማየት ዕድል ሰው አላሳለፈም።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 30 ቀን 1936፣ ስታንፎርድ ከካሊፎርኒያ መጥቶ በክሌር ቢ የሚሰለጥነውንና በተከታታይ 43 ጨዋታ ያሸነፈውን ሎንግ አይላንድ ዩኒቨርሲቲን 45 ለ31 ረታ። የስታንፎርዱ ሃንክ ሉዊሴቲ እየሮጠ በአንድ እጁ ይወረውር ነበር። በምሥራቁ ክፍል የተለመደው ሁለት እግርን ተክሎ በሁለት እጅ መወርወር ስለነበር አዳራሹ በመገረም ተመለከተው፤ በቀጣዮቹ ዓመታት ወጣቶች ሁሉ ያንኑ አወራወር ያዙ። የአንድ ሰው አጨዋወት በአንድ ምሽት የአገር ወሬ የሚሆነው ጋርደን ውስጥ ከታየ ብቻ ነበር።

በ1938 የከተማዋ የቅርጫት ኳስ ጋዜጠኞች ማኅበር በግብዣ የሚካሄደውን ብሔራዊ ውድድር፣ በአጭር ስሙ ኤንአይቲን፣ ጀመረ። የዩኒቨርሲቲዎቹ ብሔራዊ የስፖርት ማኅበር፣ ኤንሲኤኤ፣ የራሱን ውድድር ያቋቋመው ከዓመት በኋላ ነው። ለረጅም ጊዜ የበለጠ ክብር የነበረው የኒው ዮርኩ ነበር። ሎንግ አይላንድ በ1939 እና በ1941፣ ሴንት ጆንስ ደግሞ በ1943 እና በ1944 ዋንጫውን ወሰዱ። ኤንሲኤኤም ቢሆን ገቢው ስለሳበው ከ1943 እስከ 1948 የፍጻሜ ጨዋታውን በጋርደን አደረገ። በየካቲት 1940 በቴሌቪዥን የተሰራጨው የመጀመሪያው የቅርጫት ኳስ ጨዋታም ከዚሁ አዳራሽ የተላለፈ ነው።

የከፍታው ጫፍ 1950 ነበር። የሲቲ ኮሌጅ ቡድን ዋና ተሰላፊዎች ሁለት ጥቁር አሜሪካውያን፣ ኤድ ዋርነርና ፍሎይድ ሌይን፣ እና ሦስት አይሁድ፣ ኤድ ሮማን፣ አል ሮዝና ኧርዊን ዳምብሮት ነበሩ። የቀደሙትን ሁለት ዓመታት የኤንሲኤኤ ዋንጫ የወሰደውንና ጥቁር ተጫዋች የማያሰልፈውን ኬንተኪን በኤንአይቲው 89 ለ50 ሲያሸንፉ፣ ለሃርለምና ለብሮንክስ ነዋሪ ነገሩ ከስፖርት በላይ ነበር። በፍጻሜው ብራድሊን 69 ለ61 ረቱ። ከአሥር ቀን በኋላ ደግሞ በኤንሲኤኤው ፍጻሜ ከዚያው ብራድሊ ጋር ተገናኙ። ጨዋታው ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩት በአንድ ነጥብ ይመሩ ነበር። የብራድሊው ጂን ሜልኪዮሬ ኳስ ነጥቆ ወደ ቅርጫቱ ገሰገሰ። ሊወረውር ሲል ዳምብሮት ኳሱን ከእጁ ቀማው፣ ወደ ፊት ለቡድን ጓደኛው ለኖርም ሜገር አሻገረለት፣ ሜገርም አስቆጠረ፤ 71 ለ68። ሁለቱን ዋንጫዎች በአንድ ዓመት የወሰደ ሌላ ቡድን የለም።

በዚያ አዳራሽ ውስጥ ግን ከዋንጫው ሌላ የሚሰላ ነገር ነበር። በ1940ዎቹ አወራራጆች አዲስ የውርርድ ዘዴ አስፋፉ። ውርርዱ በማን ያሸንፋል ላይ መሆኑ ቀርቶ በስንት ነጥብ ልዩነት ያሸንፋል በሚለው ላይ ሆነ። አንድ ቡድን በ8 ነጥብ ያሸንፋል ተብሎ ከተገመተ፣ በእሱ የተወራረደ ሰው ገንዘብ የሚያገኘው ልዩነቱ ከ8 ሲበልጥ ብቻ ነው። አቋማሪው ታዲያ ተጫዋቹን “ተሸነፍ” አይለውም። “አሸንፉ፣ ግን በ5 ነጥብ ብቻ” ይለዋል። አንድ ኳስ መሳት፣ አንድ ቅብብል ማበላሸት፣ ተቃራኒን ለቅጽበት ማሳለፍ ይበቃል። ቡድኑ ያሸንፋል፣ ደጋፊው ይደሰታል፣ ተጫዋቹ ፖስታውን ይቀበላል። ጥፋቱ ጥፋት የማይመስል መሆኑ ብዙዎችን አጠመደ። በ1945 አምስት የብሩክሊን ኮሌጅ ተጫዋቾች ጉቦ ተቀብለው ሲያዙ ማስጠንቀቂያው ተሰምቶ ነበር፤ ከገቢው ተጠቃሚ የሆኑት ሁሉ ግን አልሰሙትም።

ጉዳዩን ያጋለጠው ጁኒየስ ኬሎግ ነው። ኬሎግ በማንሃታን ኮሌጅ ቡድን የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሲሆን፣ ከትምህርቱ ጎን በሰዓት ከአንድ ዶላር በታች እየተከፈለው ይሠራ ነበር። በጥር 1951 አንድ የቀድሞ የቡድኑ ተጫዋች የነጥብ ልዩነቱን እንዲቆጣጠርለት 1,000 ዶላር አቀረበለት። ኬሎግ እምቢ አለ፤ ወዲያውም ለአሰልጣኙ ተናገረ። ነገሩ ወደ አቃቤ ሕጉ ፍራንክ ሆጋን ደረሰ። ያን ያህል ገንዘብ ለእሱ የብዙ ወራት ደመወዝ እንደነበር ሲታሰብ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከተሰሩት ሥራዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው።

በየካቲት 18 ቀን 1951 የሲቲ ኮሌጅ ተጫዋቾች ፊላደልፊያ ላይ ቴምፕልን አሸንፈው ሲመለሱ መርማሪዎች አገኟቸው፤ ኤድ ዋርነር፣ ኤድ ሮማንና አል ሮዝ ተያዙ። ቀጥሎ በዓመቱ ከአገሪቱ ከፍተኛ ነጥብ አስቆጣሪዎች አንዱ የነበረው የሎንግ አይላንዱ ሸርማን ዋይት ተያዘ። ምርመራው ሲሰፋ ኬንተኪ፣ ብራድሊና ቶሌዶም ተነኩ። በጠቅላላው ከ7 ኮሌጆች 32 ተጫዋቾች፣ ከ1947 እስከ 1950 ባሉት ዓመታት በተደረጉ 86 ጨዋታዎች እጃቸው እንዳለበት ተገለጸ። ዋናው አቋማሪ፣ የጌጣጌጥ ነጋዴው ሳልቫቶሬ ሶላዞ፣ ከ8 እስከ 16 ዓመት እስር ተፈረደበት። ከተጫዋቾቹ አብዛኞቹ በገደብ ቢለቀቁም ዋይት የአንድ ዓመት እስር አገኘው። የሙያ ሊጉ ኤንቢኤም ለዘለቄታው በሩን ዘጋባቸው። ያንን የመጨረሻ ኳስ የተቀማው የብራድሊው ሜልኪዮሬ በ1951 የኤንቢኤ የተጫዋቾች ምርጫ አንደኛ ሆኖ ተመርጦ ነበር፤ አንድም ጨዋታ አልተጫወተም።

የፍርዱ ሚዛን ግን እኩል አልነበረም። ከአዳራሹ ኪራይና ከቲኬት ሽያጭ ያተረፉት አልተጠየቁም፤ ተማሪዎቹ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ከፈሉ። ከሁሉ በላይ የተጎዳው ተመልካቹ ነው። ያየው ነገር እውነት ይሁን አይሁን ማወቅ ተሳነው። የትናንቱ የሳተ ኳስ፣ የትናንትናው የተበላሸ ቅብብል ሁሉ ጥርጣሬ ላይ ወደቀ።

ሲቲ ኮሌጅ ከጋርደን ወጥቶ ወደ ትንሹ አዳራሹ ተመለሰ፤ ዛሬ የሚጫወተው የስፖርት ነፃ የትምህርት ዕድል በማይሰጥበት ሦስተኛ ዲቪዚዮን ነው። ሎንግ አይላንድ ቡድኑን እስከ 1957 በተነው። ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ በ1960 በኤንሲኤኤው ውድድር እስከ ግማሽ ፍጻሜ ቢደርስም በ1971 ከትልቁ ውድድር ወጣ። የኤንሲኤኤ ፍጻሜም ከ1950 በኋላ ወደ ጋርደን ተመልሶ አያውቅም። በ1961 ደግሞ የቀድሞው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ጃክ ሞሊናስ ያለበት ሌላ የማጭበርበር መረብ ሲጋለጥ የቆየው ቁስል እንደገና ደማ።

ከዚያ በኋላ የከተማዋ ምርጥ ልጆች መሰደድ ጀመሩ። አሰልጣኝ ፍራንክ መጓየር በ1952 ሴንት ጆንስን ትቶ ወደ ኖርዝ ካሮላይና ሲሄድ የኒው ዮርክ ልጆችን እየመለመለ ወደ ደቡብ ወሰደ። በ1957 ዊልት ቻምበርሌይን የነበረበትን ካንሳስን በሦስት ጭማሪ ሰዓት 54 ለ53 አሸንፎ ዋንጫ የወሰደው ያልተሸነፈው የኖርዝ ካሮላይና ቡድን አምስቱም ተሰላፊዎች ከኒው ዮርክና ከአካባቢዋ የመጡ ነበሩ። በ1965 ኋላ ካሪም አብዱል ጀባር የተባለው ሉ አልሲንዶር ከማንሃታን ወደ ሎስ አንጀለስ፣ ወደ ዩሲኤልኤ፣ ሄደ። ኔድ አይሪሽ ራሱ በ1946 ያቋቋመው የኒክስ የሙያ ክለብም በ1970 እና በ1973 ሻምፒዮን ሲሆን የከተማዋን ልብ ጠቅልሎ ወሰደ።

አልፎ አልፎ ግን እሳቱ ይጫር ነበር። በ1971 የፎርድሃም ቡድን ጋርደንን ሞልቷል። በየካቲት 1975 ኩዊንስ ኮሌጅና ኢማኩላታ በአዳራሹ የመጀመሪያውን የሴቶች የኮሌጅ ጨዋታ ሲያደርጉ 12,000 የሚጠጋ ሰው ተገኝቷል። እውነተኛው ትንሣኤ ግን በ1979 ከተቋቋመው የቢግ ኢስት ማኅበር ጋር መጣ። መሥራቹ ዴቭ ጋቪት የምሥራቁን ከተሞች ኮሌጆች ሰብስቦ ጨዋታቸውን በቴሌቪዥን አሰራጨ፤ ከ1983 ጀምሮ የማኅበሩ ዓመታዊ ውድድር በጋርደን ሆነ። ሴንት ጆንስ በአሰልጣኝ ሉ ካርነሴካ እየተመራ የብሩክሊኑን ክሪስ መሊንን ይዞ በ1985 ከአገሪቱ ቀዳሚዎቹ ተርታ ቆመ። በዚያ ዓመት በኤንሲኤኤው ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ከደረሱት አራት ቡድኖች ሦስቱ፣ ሴንት ጆንስ፣ ጆርጅታውንና ቪላኖቫ፣ የቢግ ኢስት አባላት ነበሩ። መሊን የትውልድ ከተማውን አልለቀቀም፤ ከተማዋም ወደደችው።

ያም አልዘለቀም። ካርነሴካ በ1992 ጡረታ ከወጣ በኋላ ሴንት ጆንስ ከፍ ዝቅ እያለ ቆየ፤ ምርጥ ወጣቶች የሩቅ ዩኒቨርሲቲዎችን መረጡ። በ2013 እንደ ሲራኪዩስ ያሉት ነባር ባላንጣዎች የአሜሪካ እግር ኳስ በሚያስገኘው የቴሌቪዥን ገንዘብ ተስበው ማኅበሩን ለቀቁ። ኤንአይቲም በ2005 በኤንሲኤኤ ተገዝቶ ከዓመታት በኋላ፣ በ2023፣ የመጨረሻ ጨዋታዎቹን ከጋርደን አውጥቶ ላስ ቬጋስ ወሰደ። የኒው ዮርኩ ተወላጅ አሰልጣኝ ሪክ ፒቲኖ በዚያው ዓመት ሴንት ጆንስን ሲረከብ ግን ነገሩ ተለወጠ። በመጋቢት 2025 ቡድኑ በጋርደን ክሬይተንን 82 ለ66 አሸንፎ ከ2000 ወዲህ የመጀመሪያውን የቢግ ኢስት ዋንጫ አነሳ፤ አዳራሹም እንደ ድሮው ሞላ። ከተማዋ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስን የምትተወው ቡድኖቿ ሲከዷት ወይም ሲዳከሙ ነው። አሸናፊና ታማኝ ቡድን ባገኘች ጊዜ ሁሉ ግን ተመልሳለች።