ሦስቱ ሰባቶችና የፒያሳው ወርቅ ቤት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ፒያሳ ላለ አንድ ወርቅ ቤት በዎርድፕሬስ ድረ ገጽ ሠርቼ ነበር። የቀለበት ፎቶ ልጭን ስል «ፈቃድ የለም» አለኝ። ቸኩዬ ስለነበር የፎልደሩን ፈቃድ 777 አደረግኩት፤ ፎቶው ወዲያው ገባ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ምን ሆነ መሰላችሁ? ቀለበት ሊያይ የገባ ሰው ሁሉ ወደ ቁማር ገጽ ይወሰድ ጀመር።

ለመሆኑ ይህ ቁጥር ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1969 ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ አሜሪካ በሚገኘው ቤል ላብስ ዩኒክስን መሥራት ጀመሩ። አንዱን ኮምፒውተር ብዙ ሰው ይጋራው ስለነበር፣ ማን የማንን ፋይል ይንካ የሚለው መወሰን ነበረበት። የ1971 የመጀመሪያ እትም የሚለየው ባለቤትንና ሌላውን ሰው ብቻ ነው፤ «ቡድን» የተጨመረው ቆይቶ ነው። ዛሬ ብዙ ድረ ገጾች የሚቀመጡበት ሊኑክስም ይህንኑ ወረሰ።

እስቲ ወርቅ ቤቱን አስቡት፤ ባለቤት፣ ሠራተኞችና መንገደኛ አሉ። ሦስቱ አሃዞች በቅደም ተከተል የእነዚህ ናቸው። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ (ለፎልደር ከሆነ መግባት) 1 ነው፤ ሲደመር 7። 644 ሲሆን ባለቤቱ ያነባል፣ ይጽፋል፤ ሌሎቹ በመስታወት ያያሉ። 777 ግን ካዝናውን ለመንገደኛ መክፈት ነው። ሰርቨሩ ደግሞ የጋራ ነበር፤ ጎረቤት ድረ ገጽ ውስጥ የገባ ሌባ ወደ እኛ ተሻገረ።

ሰርቨሩ መጀመሪያ የከለከለኝ ፎልደሩ በሌላ ተጠቃሚ ስም ስለነበረ ነው። «ስንት ቁጥር ልስጥ?» ከማለቴ በፊት «ባለቤቱ ማን ነው?» ማለት ነበረብኝ። በኋላ የተሰገሰገውን ኮድ አጸዳሁ፣ ባለቤትነቱን አስተካከልኩ፣ ፎልደሮቹን 755፣ ፋይሎቹን 644 አደረግኩ።

ዎርድፕሬስም በራሱ በኩል ተምሯል። ድሮ ተጠቃሚዎቹን ከ0 እስከ 10 በደረጃ ይለይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው 2.0 ግን በሥራ ድርሻ ለያቸው፦ አስተዳዳሪ፣ አርታኢ፣ ጸሐፊ እያለ። ነገሩ ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ፣ ሹሙ ከማዕረጉ ሌላ የተለየ የሥራ ድርሻ ያዘ፤ አንዱ ጦር፣ አንዱ ፍርድ፣ አንዱ ንግድ።

ባለሱቁ «ማን ሰብሮ ገባ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ማንም አልሰበረም፤ ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ። እናንተም በር እምቢ ሲላችሁ፣ ከመገንጠላችሁ በፊት ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ጠይቁ።