መንገድ ስለሚከፍት ሰው

በከፋ ምድር፥ በቦንጋና በዋጫ አካባቢ ባለው ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ ሰዎች ተከታትለው ሲጓዙ፥ ፊት የሚቀድመው ሰው ገጀራ ይዞ ሐረጉን እየመነጠረ ይኼዳል። ጤዛው የሚያረጥበው፥ እሾኹም የሚቧጭረው እሱን ነው። ከኋላው ያሉት ግን በተጠረገው መንገድ ይከተላሉ። ካሰቡት ስፍራ በደረሱ ጊዜም ስለ ቡናውና ስለ ማሩ ይነጋገራሉ እንጂ መንገዱን ማን እንደ ከፈተው የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የሰው ታሪክም ብዙ ጊዜ እንደዚሁ ይጻፋል፤ የደረሰው ይመሰገናል፥ ያደረሰው ይረሳል።

በአሜሪካ አገር እጅግ የሚወደድ አንድ የኳስ ጨዋታ አለ። እኛ ከምናውቀው እግር ኳስ የተለየ ነው፤ ሞላላዋን ኳስ በእጅ ይዘው ይሮጣሉ፥ ይወረውሯታልም። ከየወገኑ 11 ሰዎች ይሰለፋሉ። ኳሱን ከያዘው ወገን አምስት ግዙፋን በፊት መስመር ቆመው ተቃራኒውን በደረታቸውና በክንዳቸው ይገፋሉ፤ ኳስ ወርዋሪውን ይጠብቃሉ፥ ለሯጩም ቀዳዳ ይከፍታሉ። በተለመደው አሰላለፍ እነዚህ ሰዎች ወደ ፊት የተወረወረ ኳስ እንዲቀበሉ ሕጉ አይፈቅድላቸውም። ሯጩ ያለፈው ርቀት በሯጩ ስም ይመዘገባል፤ ቀዳዳውን ለከፈቱለት ግን እንዲህ ያለ መዝገብ የላቸውም።

በዚህ ሥራ ከተሰማሩት አንዱ ለኢትዮጵያውያን የቀረበ ስም አለው፤ ምኒልክ ዋትሰን ይባላል። የተወለደው በእንግሊዝ አገር በማንችስተር ከተማ ነው። አስቀድሞ ቅርጫት ኳስ ይጫወት ስለ ነበረ ወደዚህ ጨዋታ የገባው ዘግይቶ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ኦክላንድ ሬይደርስ የተባለው ቡድን መረጠው። በ2015 የተረከዙ ጅማት ተበጥሶ የዚያን ዓመት ጨዋታ በሙሉ አጣ። ሆኖም ድኖ ተመለሰ፥ በ2017ም ለዴንቨር ቡድን ተሰለፈ። ያ ሁሉ ድካምና ሕመም ሌላው ሰው ወደ ፊት እንዲያልፍ የተከፈለ ዋጋ ነበር።

ነገር ግን ለእንዲህ ያለው ሰው ምሳሌ ለመፈለግ ባሕር መሻገር አያስፈልገንም፤ በእኛም አገር አለ። ይኸውም ሯጩ መሐመድ ከድር ነው። ታሪኩን ለማወቅ ከጓደኛው ከምሩጽ ይፍጠር መጀመር ይገባል።

ምሩጽ በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ሦስተኛ ወጥቶ የነሐስ ሜዳልያ አገኘ፤ ለ5,000 ሜትር ግን በጊዜው ከመሮጫው ስፍራ ሳይደርስ ቀረ። በ1968 ዓ.ም. በሞንትሪያል በተደረገው ኦሊምፒክ ደግሞ ኢትዮጵያ በደቡብ አፍሪካው የዘር መድልዎ ምክንያት ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋራ ሆና ከውድድሩ ቀረች። እንግዲህ የሞስኮው ኦሊምፒክ በደረሰ ጊዜ ምሩጽ ስምንት ዓመት ሙሉ የጠበቀ ሰው ነበር።

ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም. ምሩጽ ይፍጠር፥ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ በ10,000 ሜትር ተሰለፉ። ከተወዳዳሪዎቻቸው መካከል በሙኒክም በሞንትሪያልም 5,000ንና 10,000ን ያሸነፈው ፊንላንዳዊው ላሲ ቪረን ነበረ። ኢትዮጵያውያኑ ፊት ለፊት እየተፈራረቁ ሩጫውን አንዴ ማፍጠን አንዴ ማቀዝቀዝ ያዙ። የዚህ ዘዴ ምሥጢሩ ቀላል ነው፤ በአንድ ዓይነት ፍጥነት የሚሮጥ ሰው ኃይሉን ይቆጥባል፥ ደጋግሞ የሚፈተለክ ግን ቶሎ ይደክማል። ይሁን እንጂ ሌላውን የሚያደክም መሪ ራሱም ይደክማል፤ ነፋሱንም አስቀድሞ የሚቀበለው እሱ ነው። በመጨረሻ ምሩጽ በ27 ደቂቃ ከ42.7 ሴኮንድ አሸነፈ። ፊንላንዳዊው ማኒንካ ሁለተኛ፥ መሐመድ ሦስተኛ፥ ቶሎሳ አራተኛ፥ ቪረን አምስተኛ ሆኑ። በምሩጽና በቶሎሳ መካከል የነበረው ልዩነት አራት ሴኮንድ አይሞላም፤ ነገር ግን አንዱ ወርቅ ሲያገኝ ሌላው ባዶ አንገቱን ተመለሰ።

ከአምስት ቀን በኋላ ሐምሌ 25 ቀን የ5,000 ሜትሩ ፍጻሜ ተደረገ። ሊያበቃ 300 ሜትር ያህል ሲቀረው ምሩጽ በሯጮች ተከቦ መውጫ አጣ። በፊቱ የነበረው መሐመድ ነው። መሐመድም ዘወር ብሎ አሳለፈው፤ ምሩጽም በዚያች ቀዳዳ ወጥቶ ሁለተኛውን ወርቅ ወሰደ። መሐመድ በዚህ ሩጫ ሜዳልያ አላገኘም። «ማርሽ ቀያሪው» የሚለው የምሩጽ ስም ዓለምን ሲዞር፥ የዚያች የአንድ እርምጃ ዘወር ማለት ወሬ ግን ከጥቂት ሰዎች በቀር አልተነገረም።

ምናልባት አንዳንዱ «መንገድ የሚለቅ ሰው ራሱ ማሸነፍ የማይችል ነው» ይል ይሆናል። የመሐመድ ታሪክ ግን ይህን ይቃወማል። በመጋቢት 1973 ዓ.ም. በማድሪድ በተደረገው የዓለም አገር አቋራጭ ውድድር፥ ኢትዮጵያውያን የዙሩን ቁጥር ተሳስተው የመጨረሻውን ሩጫ አንድ ዙር አስቀድመው ሮጡ። እንደዚያም ሆኖ መሐመድ ሁለተኛ ወጣ። በመጋቢት 1974 ዓ.ም. ደግሞ በሮም ከሁሉ ቀድሞ የዓለም አሸናፊ ሆነ። ስለዚህ በሞስኮ መንገድ የለቀቀው አቅም አንሶት አልነበረም። ቶሎሳ ቆቱም ቢሆን በአራተኝነቱ አዝኖ ከሩጫ አልራቀም፤ በኋላ አሠልጣኝ ሆኖ ሌሎችን ለመም ለድል አበቃ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ነገር ሁለት ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ቁም ነገሮች አሉ። መጀመሪያ፥ ለሌላው መንገድ መክፈትና በሌላው መረገጥ አንድ አይደሉም። መሐመድ ዘወር ያለው ዓላማው የጋራ፥ ድሉም የአገሩ ስለ ሆነ ነው። አንድ ሰው ግን ድካምህን ለራሱ ጥቅም ብቻ ሊያውለው ቢፈልግ፥ እምቢ ማለት ትዕቢት አይባልም። ሁለተኛም፥ ያለፈ ሰው ላሳለፈው ዕዳ አለበት። ታናሽ ወንድሟ ይማር ብላ ከትምህርት ቤት ቀርታ ውሃ የቀዳች እኅት አለች፤ እሱ የምስክር ወረቀቱን ሲቀበል የእሷ ስም በወረቀቱ ላይ አይጻፍም። ወንድሟ ግን ስሟን መጥራት፥ ከዚያም አልፎ ዛሬም ቢሆን ለእሷ የመማሪያ በር መክፈት ይችላል።

ይህን ዕዳ መክፈል ወርቅ አይጠይቅም። ሲያመሰግኑህ «እገሌ ባይኖር አልደርስም ነበር» በል፤ ስሙንም በትክክል ጥራ። ተራው በደረሰህ ጊዜ ደግሞ አንተም ዘወር ብለህ አሳልፍ።