ሳይንቀሳቀሱ የሚሠሩት ስፖርት፡ አይሶሜትሪክ እንቅስቃሴ ለሰውነት ምን ይጠቅማል?

ጀርባውን ለግድግዳ አስደግፎ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ በሌለ ወንበር ላይ የተቀመጠ የሚመስል ሰው ከሩቅ ሲታይ ምንም እየሠራ አይመስልም። ጥቂት ቆይቶ ግን ጭኑ መንቀጥቀጥ፣ ግንባሩም ላብ ማውጣት ይጀምራል። ሰውነቱ ካለበት አልተነቃነቀም፤ ጡንቻዎቹ ግን ከባድ ሥራ ላይ ናቸው።

ይህ ዓይነቱ የአካል ብቃት እንቅስቃሴ አይሶሜትሪክ ይባላል። ለረጅም ጊዜ የሚታወቀው ጡንቻን በማጠንከርና ከጉዳት ለማገገም በመርዳት ነበር። በቅርብ ዓመታት የተመራማሪዎችን ትኩረት የሳበው ግን የደም ግፊትን በመቀነስ ረገድ ባሳየው ውጤት ነው።

አይሶሜትሪክ ምን ማለት ነው?

ቃሉ «እኩል» እና «ልክ» የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው። ክብደት ስናነሣ ጡንቻ ያጥራል፣ ስናወርድ ደግሞ ይረዝማል፤ መገጣጠሚያም ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። በአይሶሜትሪክ እንቅስቃሴ ግን ጡንቻው ኃይል እያወጣ ርዝመቱ ሳይለወጥ፣ መገጣጠሚያውም ሳይንቀሳቀስ ይቆያል።

በዕለት ተዕለት ኑሮም ሰዎች ሳያውቁት ይህንኑ ያደርጋሉ። ውኃ የሞላ ጀሪካን ያንጠለጠለ እጅ ጣቶች፣ ሕፃን አቅፋ የቆመች እናት ክንዶች የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

እ.አ.አ በ1953 ጀርመናውያኑ ቴዎዶር ሄቲንገር እና ኤሪክ ሙለር ጡንቻን በየቀኑ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ወጥሮ መያዝ ጥንካሬን እንደሚጨምር የሚያሳይ ጥናት አወጡ። ዘዴው በስፖርተኞች ዘንድ ዝናን አተረፈ። ኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን የጥንካሬው ዕድገት መጀመሪያ እንደተባለው ፈጣን አለመሆኑን አመለከቱ።

በደም ሥር ውስጥ የሚሆነው

የተወጠረ ጡንቻ በውስጡና በዙሪያው የሚያልፉትን የደም ሥሮች ይጫናል። ወደ ጡንቻው የሚሄደው ደም ሲቀንስ ልብ በበለጠ ኃይል መምታት ይጀምራል፤ በዚህም ምክንያት እንቅስቃሴው በሚሠራበት ሰዓት የደም ግፊት ይጨምራል።

ጥቅሙ የሚታየው ውጥረቱ ሲላላ ነው። ታግቶ የነበረው ደም በአንድ ጊዜ ይጎርፋል። ይህ ጎርፍ የደም ሥሮችን ውስጠኛ ግድግዳ ሲነካ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለው ንጥረ ነገር ይመነጫል፤ የደም ሥሮችም ይሰፋሉ። ይህ ለሳምንታት ሲደጋገም የደም ሥሮች በቀላሉ መስፋት ይለምዳሉ፤ የልብ ምትንና የደም ሥሮችን ጥበት የሚቆጣጠረው የነርቭ ሥርዓትም ይረጋጋል ተብሎ ይታመናል።

270 ጥናቶች ሲነጻጸሩ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.አ.አ በ2021 ይፋ ባደረገው መረጃ መሠረት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ከሆኑ ሰዎች መካከል 1.28 ቢሊዮን የሚሆኑት ከፍተኛ የደም ግፊት ነበረባቸው። ከእነዚህም 46 በመቶው ሕመሙ እንዳለባቸው አያውቁም ነበር። ግፊት ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ቆይቶ ለስትሮክ፣ ለልብና ለኩላሊት ሕመም ሊዳርግ ይችላል።

እ.አ.አ በ2023 በብሪታኒያ የስፖርት ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከ15,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 270 ሙከራዎች አነጻጽሯል። ከአምስት የእንቅስቃሴ ዓይነቶች መካከል የላይኛውን የደም ግፊት ልኬት ይበልጥ የቀነሰው አይሶሜትሪክ ሲሆን፣ ቅነሳውም በአማካይ 8.24 ነበር። እንደ እርምጃና ሩጫ ያሉት እንቅስቃሴዎች 4.49፣ ክብደት ማንሣት ደግሞ 4.55 ቀንሰዋል። በተናጠል ሲታዩ የላይኛውን ልኬት በመቀነስ ቀዳሚ የሆነው ግድግዳ ተደግፎ መቀመጥ ነው።

ይሁንና በአይሶሜትሪክ ላይ የተደረጉት ሙከራዎች በሩጫና በመሰል እንቅስቃሴዎች ላይ ከተደረጉት በቁጥር ያነሱ ናቸው። የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበርም እ.አ.አ በ2024 ባወጣው መመሪያ እንቅስቃሴው እርምጃን፣ ሩጫንና መሰሎቻቸውን የሚያግዝ ተጨማሪ እንዲሆን እንጂ ምትክ እንዲሆን አልመከረም።

እንዴት ይሠራል?

በአብዛኞቹ ጥናቶች የተሠራበት መንገድ ቀላል ነው። አንዱን አቋም ለሁለት ደቂቃ መያዝ፣ ጥቂት ደቂቃ ማረፍ፣ ይህንንም አራት ጊዜ መደጋገም ነው። የእረፍቱ ጊዜ ሁለት ደቂቃ ከሆነ ጠቅላላው 14 ደቂቃ ይወስዳል። በሳምንት ሦስት ጊዜ ይሠራል።

ግድግዳ ተደግፎ ለመቀመጥ እግርን ከግድግዳው ራቅ አድርጎ መቆምና ጀርባን ሳያላቅቁ ቀስ ብሎ ዝቅ ማለት ያስፈልጋል። ብዙ ዝቅ ባሉ መጠን ይከብዳል። ጀማሪ ሰው ከፍ ባለ አቋም ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ጀምሮ ጊዜውን ቀስ በቀስ ማራዘም ይችላል። በክርንና በእግር ጣቶች ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ማለትም ፕላንክ፣ ሌላው አማራጭ ነው።

ዘዴው መሣሪያም ሆነ ሰፊ ቦታ አይፈልግም። ቀኑን ሙሉ ታክሲ ሲያሽከረክር ለሚውል፣ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገራት በሰው ቤት እየሠራች እንደ ልብ መውጣት ለማትችል ሴት፣ አንድ ግድግዳና ሩብ ሰዓት ይበቃሉ።

ጥንቃቄ የሚያሻው የት ላይ ነው?

ትልቁ ስህተት ትንፋሽን መያዝ ነው። ትንፋሽ አምቆ ጡንቻን መወጠር የደም ግፊትን በድንገት ሽቅብ ይሰደዋል፤ ማዞርም ሊያስከትል ይችላል። በመሆኑም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ መተንፈስ የግድ ነው።

ግፊታቸው በቁጥጥር ሥር ያልዋለ፣ የልብ ሕመም ያለባቸው፣ ስትሮክ የገጠማቸው ሰዎችና ነፍሰ ጡሮች ከመጀመራቸው በፊት ሐኪም ማማከር አለባቸው። የደረት ሕመም፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም ማዞር ከተሰማ ወዲያውኑ ማቆም፣ ምልክቱ ካልተወም አስቸኳይ ሕክምና ማግኘት ይገባል። የታዘዘ የግፊት መድኃኒትን በራስ ውሳኔ ማቋረጥም አደገኛ ነው።

ዘዴው ወሰንም አለው። ጥንካሬው ይበልጥ የሚጨምረው መገጣጠሚያው በተያዘበት ማዕዘንና በዙሪያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረውን በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴም አይተካም።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ማንኛውም ሰው ግፊቱን መለካት ይኖርበታል። ልኬቱን የማያውቅ ሰው መቀነሱንም ሆነ መጨመሩን ሊያውቅ አይችልም።